የባለ ካባው ዋስ

ስለ ሲኒማ ከኔ ጋር መከራከር የሚፈልግ ሰው ምሳውን በልቶ ይምጣ፤ ጨዋታው ቶሎ አያልቅም። እኔ ፊልም ዐዋቂ ነኝ። ማን ሾመህ ብትሉኝ፣ ማንም። በጃንሆይ ዘመን፣ ጠላት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቴ የጽሕፈት መኪና እንድማር ብሎ ከመቱ አዲስ አበባ ላከኝና አራት ወር ተቀመጥኩ። ጽሕፈቱን በሁለት ጣት ተምሬ ተመለስኩ። የቀሩት ስምንት ጣቶቼ ሲኒማ ቤት ለውዝ ሲፈለፍሉ ነው የከረሙት።

መቱ ስገባ በከተማው ሲኒማ አየሁ የሚል ሌላ ሰው ስላልነበረ የሚያርመኝም አልነበረም። ከቢሮ መልስ ሐጂ ነስሩ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ሐጂ ነስሩ ጨው፣ ጨርቅና ኩራዝ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ሻይም ያፈላሉ። እኔ ፊልም ስተርክ ሰው ተሰብስቦ ስለሚጠጣ የኔን ሻይ አያስከፍሉኝም። በአገራችን በፊልም እንጀራውን የበላ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እንጀራው ሻይ ነበር እንጂ።

ሁለት ዓይነት ፊልም እወዳለሁ፤ የኃያል ሰው ፊልምና የሚያስፈራ ፊልም። መውደዴ ግን ከመተቸት አያግደኝም።

ኃያሉን ሰው እንውሰድ። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ካባ ይለብሳል፣ የዓይኑን ዙሪያ በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል፣ ከፎቅ ፎቅ ይዘላል። ጉልበቱን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው አስተዳደጉን ነው። የከተማውን ሌባ ሁሉ ደብድቦ ሲያበቃ ስሙን ሳይናገር ይሄዳል። የኛ ሰው አንዲት ጎሽ ቢገድል የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ጠርቶ ዓመቱን ሙሉ ሲፎክር ይከርማል። ስሙን የደበቀ ጀግና በምን ይመሰገናል? ሠርግ ቢጠራስ የት ይቀመጣል? ሐጂ ነስሩ ይህን ስል በሰሙ ቁጥር ምናልባት ያላለቀ ክስ ይኖርበት ይሆናል ይሉኛል።

የሚያስፈራው ፊልም ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከመቃብር የሚነሣ ጌታ አለ። ሲመጣ ነፋስ ይነፍሳል፣ በር ሲጢጥ ይላል፣ ሴትዮዋም ድምፁን ሰምታ ሻማ ይዛ ብቻዋን ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። ምን ልትሠራ? የኛዋ የያዮ ገጠር ሴት ብትሆን አንዴ እሪ ስትል ጦር የያዘ ሠላሳ ጎረቤት ይደርስላትና ፊልሙ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ፈረንጅን የሚጨርሰው ጋኔኑ ሳይሆን የጎረቤት እጦት ነው ብዬ ከደመደምኩ ቆየሁ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ የማይሻር ሕግ አስተምር ነበር። ዋናው ሰው አክተር ይባላል፤ አክተር አይሞትም። ቢወጉት፣ ቢያስሩት፣ ገደል ቢጥሉት አይሞትም። ይህን ያወቀ ሰው ፊልም ሲያይ ልቡ አይርድም።

እንዲህ እያልኩ ሳወራ ደስተኛ እመስላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልነበርኩም። መቱ ውስጥ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቀው የለም። ቢሮ፣ ጭቃ፣ ቤት፤ ቤት፣ ጭቃ፣ ቢሮ። ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ነጭ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ፊልም የሚጀመርበት እየመሰለኝ ቆሜ እጠብቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም፤ መቱ ሲኒማ እንዲኖራት።

ታደለን ያገኘሁት ያኔ ነው። ታደለ የጅማ ሰው ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ሲኖር ቆይቶ አሮጌ የፊልም ማሽንና ጄኔሬተር ገዝቶ በየከተማው የሚያሳይ ሆነ። በሾፌሮች እጅ ደብዳቤ ብልክለት አዳራሽ ካገኘህ ክረምቱን እዚያው እከርማለሁ ብሎ መለሰልኝ። አዳራሽ የሚሆን ቤት ደግሞ በመቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የፊታውራሪው የቡና መጋዘን።

ፊታውራሪውን ላስተዋውቃችሁ። በዙሪያችን ካለው የቡና ጫካ ግማሹ የርሳቸው ነው። ከቀረውም ግማሹ የርሳቸው ነው፤ ባለቤቶቹ ገና አልሰሙም እንጂ። የሚታወቁት በጥቁር ካባቸው ነበር። ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው አይወርድም። በኛ በኩል ካባ የሚለብስ ሰው እንደ ጎመን ዘር የተበተነ አይደለም፤ ለአንድ አገር አንድ ካባ ነው። ከሩቅ ጥቁር ካባ ያየ ሰው ማን መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ከበቅሎው ይወርዳል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ደጅ ጠንቼ ገባሁና ስለ ሲኒማ ጥቅም ተናገርኩ። ፊታውራሪው ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። ከዚያም ፍርዳቸውን ሰጡ። አንድ እሑድ ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ፊልሙ ሕዝቡን የሚመክር፣ ታላላቆችን ማክበር የሚያስተምር ሆኖ ካገኙት ቡና እስኪለቀም ድረስ መጋዘኑ የሲኒማ ይሆናል። ሆኖ ካላገኙት ግን በሩ ይዘጋል፤ እኔም ከመቱ ወደ ሌላ ቦታ እዛወራለሁ። የሚያዛውረኝ መሥሪያ ቤቴ ነው ብዬ አላጉረመረምኩም። የፊታውራሪው ቃል ከወረቀት እንደሚቀድም ለማወቅ የጽሕፈት ትምህርት አያስፈልግም። ፊልሙ ከታላላቅ ማክበር በቀር ሌላ ነገር የለበትም ብዬ ማልኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ታደለ በግንቦት መጣ። መጣ ማለቴ ያዮ ደረሰና መኪናው ጭቃ ዋጠው። ወሬው እንደደረሰኝ በቅሎ ለምኜ ሄድኩ። ስደርስ ታደለ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ራሱን ይዟል። የፊልም ሣጥኑ ከመኪናው ወድቆ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ፊልም ነበር የያዘው፤ አንዱ የኃያል ሰው፣ አንዱ የሚያስፈራ። እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጥቅል ነው። ስድስቱም ጥቅል ከየቆርቆሮው ወጥቷል፤ ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ርሶ ተልጧል።

የትኛው የየትኛው ነው ብዬ ብጠይቀው አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ሲያሳይ አንድም ፊልም አይቶ አያውቅም፤ ዓይኑ ከማሽኑ ተነሥቶ አያውቅማ። ፊልም የሚያውቀው በቆርቆሮው ወረቀት ነው። አይዞህ፣ ዐዋቂ መጥቶልሃል አልኩት።

በጋቢዬ ጭቃውን እየጠረግሁ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሰማይ ይዤ አየኋቸው። ሥዕሉ የጥፍር ያህል ነው። በሦስቱ ጥቅል መጀመሪያ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አገኘሁ፤ በሦስቱ ላይ ሠረገላ፣ ዛፍና አሮጊት ነው ያለው። ከዚህ ወዲያ ምን ምርምር ያሻል? ጥቁር ካባ የሚለብሰው አንድ ሰው ነው፤ ባለ ካባው ያለበት ሁሉ አንድ ፊልም ነው። ሦስቱን ተራ አስይዤ፣ የኃያሉ ሰው ፊልም ይኸውልህ ብዬ አስረከብኩት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጋዘኑ ሞላ። ከሶር ወንዝ ማዶ የመጣ አለ፣ ከኡካ በእግሩ የመጣ አለ። ሕዝቡ ባዶ የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ፊታውራሪው በካባቸው ተጀቡነው ፊት ለፊት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተሰየሙ። ከኋላቸው በአግዳሚ ላይ ሽማግሌዎች አሉ፤ መሐላቸው ኦቦ ነጋሳ። ኦቦ ነጋሳ የፊታውራሪው ጭሰኛ ናቸው፤ ግን በአገሩ ደም ሲፈስ ገዳይንና የሟችን ዘመድ አስቀምጠው ጉማ የሚያስከፍሉ፣ የደም ዕርቅ የሚያወርዱ እሳቸው ናቸው። ፊታውራሪው ራሳቸው እንኳ ሲያገኟቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እኔ ፊልሙ እንዲታይበት ከተሰቀለው ነጭ አቡጀዲ አጠገብ ዘንግ ይዤ ቆምኩ፤ አስተርጓሚ ነኝ። ፊልሙ የሚናገረውን ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ከአሥር ቃል ሁለቱን ሳላውቅ አልቀርም። ደግነቱ ማሽኑ ገና ከመነሣቱ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ጀመር። ሶር ፏፏቴ ሥር የቆምኩ ነው የመሰለኝ። አክተሩ አፉን ሲከፍት የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ነው። ስለዚህ ያልኩት ሁሉ ትርጉም ሆነ።

የመጀመሪያው ጥቅል እንዴት ያለ ነበር! አንዲት መበለት ቤቷ ሲቃጠል ባለ ካባው ዓይኑን በጨርቅ እንደሸፈነ ከጣራ ወርዶ አወጣት። ቤቷን ያቃጠሉትን ቀማኞች አሳዶ ያዘና ለዳኛ ሰጠ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም ሞቅ አለኝና ትርጉሙን ትቼ ምስክርነት ገባሁ። ይህን ሰው አዲስ አበባ ሳለሁ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ስሙን ይደብቃል እንጂ ድኻ አይበድልም፣ እኔ ዋሱ ነኝ አልኩ።

ከአግዳሚው የኦቦ ነጋሳ ድምፅ መጣ። "ዋስ ነኝ ነው ያልከው፣ ልጄ?"

"አዎን፣ ኦቦ ነጋሳ።"

"ሰምተናል።"

ፊታውራሪው ወደኔ ዘንበል አሉና ካባው የኔን ይመስላል አሉኝ። ሲኒማ ቤቱ የተከፈተ ያህል ደስ አለኝ። ፈረንጅም ደግ ሰው ሲሆን እንደርስዎ ነው የሚለብሰው ብዬ መለስኩ። ይህ ለርሳቸው ብቻ መነገሩ አልበቃቸውም፤ ለኋለኞቹም በኦሮምኛ ንገራቸው አሉ። እኔም ጮክ ብዬ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ይህ ባለ ካባ ከፊታውራሪያችን አይለይም አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሁለተኛው ጥቅል ሲጀምር አቡጀዲው ላይ አንድ ረጅም ሣጥን ታየ። አክተሩ ደክሞት ሊተኛ ነው አልኩ። ሣጥኑ የሬሳ ሣጥን መሆኑን ያወቅሁት ክዳኑ ተከፍቶ የገረጣ እጅ ብቅ ሲል ነው። ከእጁ ቀጥሎ ጥቁር ካባ መጣ፣ ከካባው ቀጥሎ ሰውየው፤ ዓይኑ አልተሸፈነም፣ ጥርሱ ረዝሟል። ከመቃብር የሚነሣው ጌታ ነው። ያዮ ጭቃ ውስጥ ሁለቱን ፊልም አጋብቻቸው ኖሯል።

አቁሙ ብል ዐዋቂነቴ አበቃ። ዝም ብል ሰውየው ወደ አንዲት የገበሬ ጎጆ እያመራ ነው። ቀጠልኩ። ጭሰኞቹን ደኅና አደራችሁ ሊል ነው አልኩ። ባለ ካባው ተኝታ ወዳለች ሴት ጎንበስ አለ። ትኩሳት ይኖርባት እንደሆነ አንገቷን እየዳሰሰ ነው አልኩ። አፉን አንገቷ ላይ አደረገ። በጆሮዋ ምክር እየሰጣት ነው አልኩ። ምክሩ ረዘመ። ቀና ሲል ከከንፈሩ ጥቁር ነገር ይንጠባጠባል፤ ፊልሙ ቀለም የለውም። ማር ቀምሶ ነው አልኩ። ከያዮ ጫካ ማር የሚቆርጡ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው ነበርና ማር እንዳልሆነ በሳቃቸው አስታወቁኝ።

ባለ ካባው ወደ ሁለተኛው ጎጆ አለፈ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። ከኋላ አንድ ሰው መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም ፊት የተቀመጡት እንዳይቀርባቸው በአማርኛ፣ "ሁሉንም ጠጣው እኮ፤ ሲሶውን ወስዶ ቢተዋት ምን ነበረበት?" አለ።

ሲሶ እንግዲህ ጭሰኛው ከቡናው ለባለ መሬቱ የሚሰጠው ነው። የፊታውራሪው ሲሶ የሚሰፈረው በራሳቸው ቁና ሲሆን፣ ምስለኔያቸው ቁናውን ከአፉ በላይ ተራራ እስኪያክል ይከምረዋል። ሲሶው ተሰፍሮ ሲያበቃ ለገበሬው የሚተርፈው ሲሶ ነው ይባል ነበር። ስለዚህ መጋዘኑ ሳቀ። እንደ ቅድሙ ሳቅ ግን አይደለም፤ አፍን በጋቢ ሸፍኖ የሚሳቅ ሳቅ ነው። አንዱም፣ ቀን ቀን ፊቱን የሚሸፍነው ለካ ለዚህ ነው ሲል ሰማሁት። ይህን ያህል አጥርቶ ፊልም የሚረዳ ተመልካች አዲስ አበባም አላጋጠመኝም።

ፊታውራሪው አልሳቁም። እጃቸው የካባቸውን አንገትጌ ይዞ ነበር።

ያኔ ኦቦ ነጋሳ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡና ማሽኑ ይቁም አሉ። ደም ፈስሶ እያለ ነገሩ ሳይታይ ወደፊት አይኬድም አሉ። ታደለ ከፊልሙ ይልቅ ሽማግሌ ስለሚፈራ አቆመ፤ አምፖሉንም አበራ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚያቸውን አዙረው ተቀመጡ። የዚህ ሰው ዋስ ማን ነበር ተባለ። የመጋዘኑ ጣት ሁሉ እኔ ላይ ሆነ።

ነገሩን በሥርዓቱ አቀረቡት። የሟቿ ዘመዶች ሩቅ ናቸው፤ ሆኖም እዚህ ያለ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። መበለቲቱን ከእሳት ያወጣውና የዚችን ሴት ደም የጠጣው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነ ደግ ነው ያልክ ዋሱ አንተ ነህና የደሟን ነገር አንተ ትጠየቃለህ። ሁለት ከሆነ ሁለተኛውን አሳየን አሉኝ።

እዚያ ቆሜ ብዙ ነገር አየሁ። መጋዘኑ ሲቆለፍ አየሁ፤ ታደለ ማሽኑን ጭኖ ሲመለስ አየሁ፤ እኔም ጓዜን በአህያ ጭኜ ስማቸውን ወደማላውቃቸው ቆላዎች ስወርድ አየሁ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ያ ነጭ አቡጀዲ ነው፤ ሁለት ጥቅል እንኳ ሳይጠግብ ተጠቅልሎ ሊሄድ ነው። ዕንባዬ መጣ። እውነቱን ልናገርና የሚሆነው ይሁን አልኩ።

ተናገርኩም። ቋንቋውን አላውቅም፣ የተረጎምኩት ሁሉ የፈጠራ ነው፣ ፊልሞቹን ያዮ ላይ ያደባለቅኋቸው እኔ ነኝ፣ ባለ ካባዎቹ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ደግ ነው፣ አንዱ የሞተ ነው አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ተናግሬ አላውቅም።

አንድም ሰው አላመነኝም። ኦቦ ነጋሳ በሐዘን ነበር የሚያዩኝ።

"ልጄ፣ እስካሁን ያልከውን ሁሉ ተቀብለንሃል" አሉኝ። "አሁን ግን ፈርተህ ነው። አንዱን ሰው ለሁለት ከፍለህ ደጉን ለጌታ፣ ክፉውን ለሙት ሰጠህ። ይህን አከፋፈል እኛ እናውቀዋለን።"

እውነት ለመናገር ልምድ ስላልነበረኝ ነው መሰለኝ፣ ስናገረው አላማረብኝም።

ሰው ሁሉ አሁን ፊታውራሪው ተነሥተው ይወጣሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸውም ይህ ገብቷቸዋል። ቢወጡ ባለ ካባው እኔ ነኝ እንደማለት ነው፤ ቢቆጡም ያው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ "ፍጻሜው ይታይ" አሉ። ሽማግሌዎቹም ፍጻሜው ሳይታይ ፍርድ አይሰጥም ብለው ተስማሙ።

የሦስተኛውን ጥቅል ይዘት እንደ ሕዝቡ ሁሉ እኔም አላውቀውም። የኃያሉ ሰው እንዲሆን ለማርያም ጧፍ ተሳልኩ። ደግሞም ሕጌ አለ አልኩ፤ አክተር አይሞትም።

ማርያም ያን ዕለት በፊልም ጉዳይ አልገባችም። ጎሕ ሲቀድ ገበሬዎቹ መንሽና ገጀራ ይዘው ተሰበሰቡ። ደጃፉን ሰብረው ገቡ፤ ሣጥኑን ወደ መስኮቱ ጎተቱት፤ ክዳኑን አነሡት። ፀሐይ ባለ ካባው ላይ ወረደች። ሰውየው ጭስ ሆነና ጠፋ። ወለሉ ላይ የቀረው ካባው ብቻ ነው። አልተረጎምኩም፤ የጠየቀኝም የለም። አክተር ሞተ፤ ማሽኑም ጥቅሉን ጨርሶ ባዶውን ይዞር ጀመር።

ዝናቡ መቼ እንዳባራ አላወቅንም። አንድ ሰው ተነሥቶ ትልቁን የመጋዘን በር ከፈተው። ከዝናብ በኋላ የምትወጣው ያች ኃይለኛ ፀሐይ ሰተት ብላ ገብታ ፊት ለፊት ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ አረፈች። የመጋዘኑ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እኔም አሰገግሁ፤ ባልዋሽ ይሻላል፣ ጭስ ስፈልግ ነበር።

ፊታውራሪው አሉ። ካባው ግን ከትከሻቸው ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፏል።

"ይሞቃል" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ኦቦ ነጋሳ ተከሳሹ ስለሌለ ነገሩ በቀጠሮ ይቆይ አሉ። ዋሱ ግን አለ፤ ዋሱ እንዳለ ይቆያል፤ ቡና ሲለቀም እንተያያለን። ሕዝቡም መረቀና ወደየቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ፊታውራሪው አስጠሩኝ። ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከኔ አይለይም ያልከው የትኛውን ባለ ካባ ነው ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያውን ነው ጌታዬ አልኩ። ከዚያ መጋዘኑን ልዝጋው ብል ሰዉ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ክፍት ይሁን አሉ። ጉልበታቸውን ልስም ስወድቅ በእጃቸው አስቆሙኝና አንድ ነገር ጨመሩ፤ ካባ የለበሰ ሰው ያለበት ፊልም መቱ ውስጥ አይታይም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ኃያሉ ሰው ካባ ይለብሳል፤ የሚያስፈራውም ሰው ካባ ይለብሳል። ሲኒማውን አገኘሁ፣ የምወደውን ፊልም ሁሉ አጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ታደለ ከጅማ ያስመጣውን ስለ ፈረስ ጉግሥ፣ ስለ ዋና፣ ስለ ወተት ላሞች የሚያወራ ፊልም ስተረጉም ከረምኩ። አንዱ ፊልም ዓሣ በቆርቆሮ ስለማሸግ ነበር። ሦስት ጊዜ አሳየነው፤ በሦስተኛው ዓሣው የወንድሙን ደም ሊመልስ የመጣ ሆኖ ነበር፤ ሰውም ወደደው። ሐጂ ነስሩ ግን ከዚያ ወዲህ ሻይ ያስከፍሉኝ ጀመር። ፊልሙን ራሳችን ካየነው አንተን ምን እናደርግሃለን አሉኝ።

ስሜም ጠፋ። ከተማው ዋስ ይለኝ ጀመር። ገበያ ስወጣ፣ ዋስ፣ ሰውየህ ደኅና ነው ይሉኛል። ደኅና ነው እላለሁ። ይሉኝታ ነው እንጂ ምን አውቄ።

በኅዳር ቡናው ተለቅሞ ደርቆ ሳለ ኦቦ ነጋሳ ቢሮ መጡ። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ስለ ልጆች ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ነገሩኝ። ምስለኔው ሲሶውን ሊሰፍር መጥቶ ነበር። ቁናውን ሞላ። ሊከምር ነው ብለን ስናይ በእጁ ከአፉ ላይ ጠረግ አደረገው። የሁሉንም እንደዚያ ሰፈረ። ፊታውራሪውም በጋቢ ሆነው ከሩቅ ቆመው ያዩ ነበር።

"ያ ሰውህ ታርሟል" አሉኝ። "ዋስነትህ ከዛሬ ጀምሮ ወርዷል። ወረቀት ጻፍልኝና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት።"

የትኛው ሰው ነው የታረመው፣ መበለቲቱን ከእሳት ያወጣው ወይስ ከሣጥን የወጣው ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ሰው ነው ብለን ጨርሰን የለም እንዴ አሉኝ።

ወረቀት አገባሁና በሁለት ጣቴ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ እገሌ ዋስ የነበርኩት እኔ እገሌ ብዬ የራሴን ስም አገባሁ። የሰውየው ስም ከሚገባበት ስደርስ ጣቴ ቆመ። እዚያ ላይ የሚጻፈውን ስም ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ማኅተም የሚመታበትን ወረቀት ደግሞ ማን እንደሚያነበው እናውቃለን። ቦታውን ባዶ ትቼ ወረቀቱን አሳየኋቸው።

ኦቦ ነጋሳ ማንበብ አይችሉም፤ ባዶውን ቦታ ግን አዩት። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሥሩ ተጫኑና፣ "ይበቃል፤ ስሙን የሚደብቅ ነው ብለኸን አልነበር?" አሉኝ።